በጥርሱ ይሰማ የነበረው ሰው፤ የቶማስ ኤዲሰን ሕይወት ባጭሩ

በአገራችን በጎጃም ዕውቀት ለብዙ ዘመን ወደ ሰው ልብ የገባው ከዓይን ይልቅ በጆሮ በኩል ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማና በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ የተሰበሰበው ተማሪ የኔታ የነገሩትን ሰምቶ፣ በቃሉ ይዞ፣ መልሶም በአፉ አቅርቦ ነው መምህር ለመሆን የበቃው። ብራና ውድ ስለ ነበረ የተማሪው መዝገብ ጆሮውና ልቡ ነበሩ። እንግዲህ ጆሮው የከበደ ልጅ በዚህ ዓይነት ጉባኤ ውስጥ ዕጣው ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ቋንቋችንም ቢሆን አላዘነለትም፤ የማይሰማውንና የማያውቀውን አንድ ላይ አድርጎ ደንቆሮ በሚል አንድ ቃል ጠራቸው። ዛሬ መስማት የተሳነው ማለትን ተምረናል፤ ይሁን እንጂ የአሮጌው ቃል ሐሳብ ከልባችን ጨርሶ ወጥቷል ለማለት አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ ሕይወቱን የማቀርበው ሰው ይህን ቃል በሁለቱም ትርጕሙ የቀመሰ ነው። በልጅነቱ አስተማሪው አእምሮው የተምታታበት ነው ብሎ ናቀው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም ጆሮው ከበደ። ዳሩ ግን የሰውን ድምፅ በዕቃ ላይ ቀርጾ መልሶ ያናገረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። ይህም ሰው ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ነው። ስሙን ከኤሌክትሪክ መብራት ጋራ አያይዘን ገና ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ጆሮው የከበደ መሆኑንና አንዳንድ ጊዜም በጥርሱ ይሰማ የነበረ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ታሪኩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጉዳይ ስላለ እርሱን በመጨረሻው ላይ እገልጻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲሰን በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረ። በ1854 ቤተ ሰቡ ወደ ሚሺጋን ግዛት፣ ፖርት ሂውረን ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። ልጁ እዚያ ትምህርት ቤት ቢገባም የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ጥያቄ ያበዛል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ የተነገረውንም እንደ ሌሎቹ ልጆች ቶሎ አይዝም ተብሎ ተነቀፈ። እናቱ ናንሲ ቀድሞ አስተማሪ የነበረች ሴት ናትና ነገሩ አስቈጣትና ልጇን ከትምህርት ቤት አውጥታ በቤቷ ታስተምረው ጀመር። መጽሐፍ ከፊቱ አስቀምጣ በዓይኑ እንዲማር አደረገችው። ኤዲሰን በኋላ ታላቅ ሰው ከሆነ ወዲያ፣ ለዚህ ያበቃችኝ እናቴ ናት ከማለት ያቋረጠበት ጊዜ የለም። የተማሪን ችሎታ ከሰሚነቱ ጋራ አንድ አድርጎ መመዘን ስሕተት መሆኑን ያች ሴት የጆሮ ሐኪም ሳታማክር ዐውቃው ነበር።

12 ዓመት በሞላው ጊዜ ከፖርት ሂውረን እስከ ዲትሮይት 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚመላለሰው ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ እያዞረ መሸጥ ጀመረ። በዕቃ መጫኛው ፉርጎ ውስጥ ትንሽ የኬሚስትሪ መሞከሪያ አበጀ፤ ቀጥሎም እዚያው በሚሄደው ባቡር ላይ የራሱን ጋዜጣ እያተመ ይሸጥ ነበር። የጆሮው ነገር የተበላሸው በዚሁ ዘመን ነው። ስለ ምክንያቱም ብዙ ይወራል። አንደኛው ወሬ መድኃኒቱ ተደፍቶ ፉርጎው ስለ ተቃጠለ የባቡሩ ሹም ጆሮ ግንዱን በጥፊ መታው የሚል ነው። ኤዲሰን ራሱ በሌላ ጊዜ የተናገረው ግን ባቡሩ ሊያመልጠው ሲል አንድ ሠራተኛ በሁለት ጆሮዎቹ ይዞ ወደ ላይ ስለ ጐተተው በዚያ ጊዜ በጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር እንደ ተሰማው ነው። ሐኪሞች ይበልጥ የሚያምኑት ግን በልጅነቱ የያዘው ትኩሳትና እየተመላለሰ ያሠቃየው የመካከለኛ ጆሮ ቍስል እንዳጠፋው ነው። ጥፊውና ጕተታው ለወሬ ይመቻሉ፤ እውነተኛው ጠላት ግን በየደጋው መንደራችን የምናውቀው፣ ሌሊት ልጅን እያስለቀሰ ጧት ትራሱን በመግል የሚያረጥበው የጆሮ ሕመም ሳይሆን አይቀርም። ከ12 ዓመቱ ወዲህ የወፍ ድምፅ ሰምቶ እንደማያውቅ ኤዲሰን በሽምግልናው ተናግሯል።

በ1862 አንድ ቀን የአንድ ጣቢያ ሹም ትንሽ ልጅ ከሐዲዱ ላይ ሲጫወት ፉርጎ ሊደፈጥጠው ሲመጣ ኤዲሰን ሮጦ አወጣው። አባትየው ገንዘብ ስላልነበረው ውለታውን የመለሰው የቴሌግራፍ ሥራ በማስተማር ነው። ጆሮው የከበደ ልጅ ድምፅ እየሰማ የሚጻፍበትን ሥራ መማሩ የሚያስገርም ይመስላል። ነገር ግን የቴሌግራፉ መምቻ ቀጭንና ጠንካራ ድምፅ አለው፤ ጠረጴዛውንም ያንቀጠቅጠዋል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ መሣሪያዎች ባንድነት ሲንኳኩ ሌሎቹ ሠራተኞች በጫጫታው ሲረበሹ እርሱ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነበር። ስለዚህ የጆሮው ክብደት በዚህ ሥራ ጠቀመው። ከ1863 እስከ 1868 ድረስ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በዚሁ ሙያ ኖረ። ሌሊት እየሠራ ቀን ያነብ ነበር።

በ1869 የመጀመሪያውን የፈጠራ ፈቃድ አወጣ። ይኸውም በምክር ቤት የድምፅ አሰጣጥን የሚቈጥር የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነበር፤ ገዢ ግን አላገኘም። ከዚያ ወዲህ የማይፈለግ ነገር ላለመሥራት ወሰነ። ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ የአክሲዮን ዋጋ የሚያትም መሣሪያ አሻሽሎ ገንዘብ አገኘ፤ በ1876ም ሜንሎ ፓርክ በምትባል የገጠር ቦታ የታወቀውን የምርምር ቤቱን ሠራ።

ያን ጊዜ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስልክን አውጥቶ ነበር። ቤል ራሱ መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ሲሆን እናቱም ሚስቱም የመስማት ችግር ነበረባቸው። የቤል ስልክ ድምፁ የደከመ ነበርና ኤዲሰን ጆሮው ላይ ቢያደርገው ምንም ሊሰማው አልቻለም። ሌላው ሰው ቢሆን ጆሮ የለኝም ብሎ ይተወው ነበር። እርሱ ግን ለእኔ ጆሮ የሚበቃ ስልክ ለሁሉም ይበቃል በሚል ሐሳብ ተነሥቶ በ1877 ከከሰል የተሠራ የድምፅ ማስተላለፊያ አበጀ። ስልክ በሩቅ መንገድ ጐልቶ የተሰማው በዚህ መሣሪያ ኀይል ነው።

በዚሁ በ1877 መጨረሻ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራውን ሠራ። በቀጭን ቈርቈሮ ወረቀት የተሸፈነ በርሜል እያዞረ፣ በቀጭን ስስ ብረት ላይ ጮኾ ሲናገር፣ ከብረቱ ጋራ የተያያዘው መርፌ የድምፁን መንቀጥቀጥ በወረቀቱ ላይ ጫረው። መርፌውን ወደ መጀመሪያው መልሶ በርሜሉን ሲያዞር ደግሞ መሣሪያው የተናገረውን የልጆች ግጥም መልሶ ተናገረ። ይህንን ፎኖግራፍ አሉት። የዚህ መሣሪያ ዘር አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ መልእክት በድምፃቸው ቀርጸው በመልእክተኛ ላኩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር የአማርኛ ዘፈን በሸክላ አስቀረጹ። እንግዲህ የእንግሊዝ ንግሥትን ድምፅ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ለማሰማት ያስቻለው ጥበብ፣ ወፍ ሲዘምር መስማት ካቃተው ሰው እጅ የወጣ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ እርሱ ራሱ መሣሪያውን እንዴት ይሰማው ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ በጥርሱ ነው። ኤዲሰን የፎኖግራፉን እንጨት ወይም የፒያኖውን ጠርዝ ነክሶ ይዞ ያዳምጥ ነበር፤ የጥርሱ ምልክትም በዕቃው ላይ ይቀር ነበር። ይህ ተረት አይደለም። ማንኛችንም ብንሆን ዛሬ ማታ ልንሞክረው እንችላለን። ሁለት ጆሮህን በጣትህ ግጥም አድርገህ ድፈንና የገብስ ቆሎ ቈርጥም፤ የውጭው ድምፅ ሲጠፋ የቆሎው ድምፅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ወይም የክራሩን እንጨት በጥርስህ ነክሰህ ጓደኛህ ይምታው፤ ዜማው ከጭንቅላትህ መካከል ይሰማሃል።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ድምፅ ወደ እኛ የሚመጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የታወቀው የአየር መንገድ ነው። ድምፁ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ታምቡሩ ከኋላው የተቀጣጠሉትን ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ያንቀሳቅሳል፤ የመጨረሻውም፣ እርካብ የሚመስለው አጥንት፣ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ወዳለው የውስጥ ጆሮ ያደርሰዋል። ከዚያ ነርቭ ተቀብሎ ወደ አንጎል ይወስደዋል። ሁለተኛው የአጥንት መንገድ ነው። የራስ ቅል ራሱ ሲንቀጠቀጥ ታምቡሩንና ሦስቱን አጥንቶች ሳይጠይቅ በቀጥታ የውስጡን ጆሮ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ መግል ታምቡሩን በስቶ፣ ጥቃቅኖቹን አጥንቶች በልቶ ከሆነና የውስጡ ጆሮ ግን ደኅና ከሆነ፣ በሩ ቢዘጋም ግድግዳው ያሰማል ማለት ነው። የኤዲሰን ጥርስ ሥራው ይኸው ነበር። ሐኪሞችም እስከ ዛሬ ድረስ ሹካ የመሰለ ብረት አንኳኵተው አንድ ጊዜ በጆሮ አጠገብ፣ አንድ ጊዜም ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ እያስነኩ የትኛው መንገድ እንደ ተበላሸ ይለያሉ።

ስለ ቤት ኑሮው ጥቂት ልናገር። በ1871 ሜሪ ስቲልዌል የምትባል ሴት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቴሌግራፍ ምልክት ነጥብና ሰረዝ እያለ በቍልምጫ ይጠራቸው ነበር። ሜሪ በ1884 ሞተች። ቀጥሎ ሚና ሚለር የምትባል ወጣት ወደደ። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሹክሹክታ ለእርሱ የማይሆን ነገር ነውና የቴሌግራፉን ምልክት አስተማራት፤ በ1885ም በእጇ መዳፍ ላይ በጣቱ እየመታ ታገቢኝ እንደ ሆነ ጠየቃት፤ እርሷም በዚያው ምልክት እሺታዋን መለሰችለት። በ1886 ተጋቡ። ቴአትር ቤት በሄዱ ጊዜ ተዋንያኑ የሚሉትን በጕልበቱ ላይ እየመታች ታሰማው ነበር ይባላል። ይህ በእርግጥ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ደግሞ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ኤዲሰን በዝምታው ውስጥ ብቻውን አልነበረም። ቴአትሩን በጣቷ የምታሰማው ሚስት፣ በጆሮው አጠገብ የሚጮኹለት ረዳቶች፣ ሐሳቡን የሚፈጽሙለት ብዙ ሠራተኞች ነበሩት።

ኤዲሰን በ1879 የኤሌክትሪክ አምፖሉን ለሥራ እንዲውል አድርጎ አሳየ፤ በ1882 በመስከረም ወር ኒው ዮርክ ውስጥ ከማዕከላዊ ጣቢያ መብራት ለቀቀ፤ በ1887 በዌስት ኦሬንጅ ትልቅ የምርምር ቤት ሠራ። በሕይወቱ ዘመን በአሜሪካ ብቻ 1,093 የፈጠራ ፈቃዶች በስሙ ተመዘገቡ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋራ ጆሮው ከዓመት ዓመት እየባሰ ሄደ። ከ1905 እስከ 1908 ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ከጆሮ ኋላ ወዳለው አጥንት ስለ ተሻገረ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ይህም ሕይወቱን ለማትረፍ እንጂ መስማቱን ለመመለስ አልነበረም።

መስማቱን ሊመልሱ የሚችሉ ሐኪሞች ሐሳብ ሲያቀርቡለት ግን እምቢ አለ። ጸጥታው ለማሰብ ይረዳኛል፤ የማይጠቅም ወሬም አያደርስብኝም ይል ነበር። ይህ ንግግሩ በዓለም ላይ ተበትኖ የጆሮ መክበድን እንደ ጸጋ የሚያስቈጥር ሆነ። እኔም ይህን ባነበብኩ ጊዜ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ላነበበ ሰው ግን ሌላም ገጽ አለው። ኤዲሰን ሸክላ የሚያሳትም ኩባንያ ሲያቋቁም የሚቀረጹትን ዘፋኞች የሚመርጠው እርሱ ራሱ ነበር። ድምፁን የሚያንቀጠቅጥ ዘፋኝ ጨርሶ አይወድም፤ አዲሱን የጃዝ ሙዚቃም ይንቅ ነበር። ሕዝቡ የሚወደውን ሌሎች ኩባንያዎች ሲሸጡ የእርሱ ሸክላ፣ በድምፁ ጥራት የተመሰገነ ሆኖ ሳለ፣ ገበያ አጣ። ሬዲዮ በተነሣ ጊዜም የማይዘልቅ ነገር ነው ብሎ ዘገየ። በ1929 የሸክላው ሥራ ተዘጋ። ድምፅን ለዓለም የሰጠው ሰው በድምፅ ገበያ ተሸነፈ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረታችን በሌላ መንገድ በእርሱ ላይ ተፈጸመ፤ የቀረበትን ነገር የማይሰማ ሰው ምን እንደ ቀረበት አያውቅምና።

ኤዲሰን በ1931 በጥቅምት ወር በ84 ዓመቱ ሞተ።

እርሱ በጥርሱ የተጠቀመበት መንገድ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ1952 ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም የአጥንትን የደም ዝውውር ለማጥናት በጥንቸል አጥንት ውስጥ ከቲታንየም የተሠራ ዕቃ አስገባ። ጥናቱን ጨርሶ ሊያወጣው ቢሞክር አልወጣ አለው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋራ ተዋሕዶ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በ1965 ለሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ላይ ተከለ። ቀጥሎም እንዲህ ባለው ጥርስ ላይ ማንቀጥቀጫ ቢያስነኩ ድምፁ ጐልቶ የሚሰማ መሆኑ ተረጋገጠ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እንደገና ወደ ጥርስ መጣ ማለት ነው። በ1977 ብሮነማርክና የጆሮ ሐኪሙ አንደርስ ቲየልስትሮም በጎተንበርግ ከተማ በመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች ላይ ትንሿን የቲታንየም ብሎን ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ተከሉ። ይህም የኤዲሰን ሐኪሞች ቍስሉን ለማጽዳት የከፈቱት አጥንት ነው። በአሜሪካ በ1996 ተፈቀደ፤ በብዙ አገሮችም ይሠራበታል።

መሣሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ብሎኑ ርዝመቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አጥንቱ እስኪይዘው ድረስ ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ይጠበቃል። ከዚያ ድምፅ ተቀብሎ የሚያንቀጠቅጥ ትንሽ ማሽን ከውጭ ይገጠምበታል፤ ሲተኙና ሲታጠቡ ይወልቃል። ብሎኑ ቆዳን በስቶ የሚወጣበት ዓይነት አለ፤ ከቆዳ በታች ተቀብሮ በማግኔት የሚያዝም አለ። ጆሮው ሁልጊዜ መግል ለሚያፈስበት ሰው ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ ተራው የመስሚያ መሣሪያ ቀዳዳውን ሲደፍነው መግሉን ያብሰዋል፤ ይህኛው ግን ቀዳዳውን አይነካም። ነገር ግን ለሁሉ የሚሆን አይደለም። የውስጡ ጆሮ ወይም ነርቩ ከሞተ በዚያ ጆሮ መስማትን አይመልስም፤ አንድ ጆሮው ብቻ ለሞተበት ሰው ግን ድምፁን በራስ ቅሉ አሻግሮ ወደ ደኅናው ጆሮ ያደርስለታል። ደግሞም ዋጋው ከባድ ነው፤ ባትሪ ይፈልጋል፤ ቆዳውን የሚበሳው ዓይነት ዙሪያው በየቀኑ በንጽሕና ካልተያዘ ይቈስላል፤ ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ቅርብ መሆን አለበት። ይሁንና አንድ መልካም ነገር አለ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማሽኑን በጨርቅ መቀነት ራስ ላይ አሥሮ መሞከር ይቻላል፤ ለታናናሽ ሕፃናትም አጥንታቸው እስኪጠነክር የሚደረገው ይኸው ነው።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። የተወለድሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው ደጋ ነው። በሕፃንነቴ ሁለቱም ጆሮዎቼ መግል ይዘው ነበር። ወላጆቼ እንደ አገሩ ልማድ የቅጠል ጭማቂና የሞቀ ቅቤ ያንጠባጥቡልኝ ነበር፤ በፍቅር ያደረጉት ነው፤ ግን አላዳነኝም። ፊደል ስቈጥር የኔታ ነገሩን ተረድተው ከጕልበታቸው ሥር ያስቀምጡኝ ስለ ነበረ ዳዊት ደገምሁ፤ ቅኔ ቤት በገባሁ ጊዜ ግን ከብዙ ተማሪ መካከል የሚነገረውን መያዝ አልቻልሁምና ተውሁት። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሄጄ እንደ ኤዲሰን በዓይኔ ተማርሁ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጬ የመምህሩን ከንፈር አያለሁ፤ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር ትምህርቱ ከእኔ ዘንድ ይቋረጣል። ጓደኞቼ ሲሥቁ አብሬ እሥቃለሁ፤ ስለ ምን እንደ ሣቅሁ ግን ብዙ ጊዜ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ የጆሮ ሐኪም በሹካው ብረት ከመረመረኝ በኋላ የውስጡ ጆሮዬ ደኅና መሆኑንና የአጥንቱ መሣሪያ ሊጠቅመኝ እንደሚችል ነገረኝ። እናቴ በልጇ ራስ ላይ ብረት ይተከላል ሲባል ደነገጠች። እኔም ፈራሁ፤ ፍርሃቴን ግን በኤዲሰን ሸፈንሁት። ኤዲሰን እምቢ ያለውን እኔ ለምን እሺ እላለሁ፣ ጸጥታ ለጥናት ይበጃል እያልሁ ለጓደኞቼ ስናገር ከረምሁ። ይህን ታሪክ ለመጻፍ መጻሕፍት ሳገላብጥ ግን ክርክሬ ፈረሰ። ኤዲሰን እምቢ ሲል ዓለም ወደ ጆሮው ድረስ መጥቶ ይጮኽለት ነበር። ለእኔ ማንም አይመጣም፤ ወደ ዓለም የምሄደው እኔ ነኝ። እርሱ የተናገረው ስለ ራሱ ኑሮ ነው፤ እኔ ግን የእርሱን ቃል ለፍርሃቴ መጠለያ አደረግሁት። ስለዚህ አስቀድሜ በመቀነቱ ልሞክረው፣ ከዚያም ወጪውንና የሚጠግነውን ሰው ጠይቄ ልወስን ቈርጫለሁ። ውጤቱ እምቢ ቢሆን እንኳ ዐውቄ ያልሁት እምቢ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ዘገባ መሠረት 430 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ርዳታ የሚያስፈልገው የመስማት ጕድለት አለባቸው፤ ከነዚህም አብዛኞቹ እንደ እኛ ባሉት ድኻ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በልጆች ላይ ከሚደርሰውም ከመቶ 60 የሚሆነውን መከላከል ይቻላል። የሚመግል ጆሮ በጊዜ ከታከመ ብሎን አያስፈልገውም። እንግዲህ በክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ በየጎረቤቱ ጆሮው የሚያፈስ ሕፃን እናገኛለን። ለእናቱ ቅጠሉንና ቅቤውን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስደው መንገር ለማንኛችንም አይከብድም። በመሣሪያ ሊሰሙ የማይችሉ፣ ወይም የማይፈልጉም አሉ፤ እነርሱ የራሳቸው የሆነ ሙሉ የምልክት ቋንቋ አላቸው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። እነርሱን ለመስማት የሚቸገረው የእኛ እጅና የእኛ ዓይን ነው።

ኤዲሰን ታላቅ የሆነው ስላልሰማ አይደለም፤ ሳይሰማም ታላቅ እንዲሆን እናቱ መጽሐፍ፣ ጣቢያ ሹሙ ሙያ፣ ሚስቱ እጇን ስለ ሰጡት ጭምር ነው። ከአጠገባችሁ ሁለት ጊዜ ደግማችሁ የነገራችሁት ጓደኛ ቢኖር ሦስተኛውን ጊዜ ምንም አይደለም ብላችሁ አትለፉት፤ ፊታችሁን ወደ እርሱ አዙሩና ድገሙለት።